ደምመላሽ ካሜራ ሲመርጥ

አምስት ሐበሻ ተሰባስቦ በሚኖርበት ከተማ ሁሉ አንዱ የግድ ዕቃ አዋቂ ነው። ፍሪጅ ሊገዛ የተነሳ ሰው ገና ከቤቱ ሳይወጣ እሱ ሰምቷል፤ ማን እንደነገረው አይታወቅም። ሱቅ ሲደርሱ ቀድሞ ቆሞ የፍሪጁን በር እየከፈተ፣ እየዘጋ፣ ጆሮውን ጣል አድርጎ ያዳምጣል። ለራሱ የገዛው ዕቃ የለም። የሚያውቀው ግን ከሠራው ፋብሪካ ይበልጣል።

የሀርጌሳው ዕቃ አዋቂ ክቡር ደምመላሽ ነው። እንጀራው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው፤ ቁመቱ በየበሩ ያስጎነብሰዋል፤ ትንሿ ውሃ ልኩ ከኪሱ አትለይም። በመስታወቷ በተሰነጠቀች ስልኩ የዓለምን ዕቃ ሁሉ ሲያነጻጽር ያመሻል። ከምክሩ አምልጦ ሳተላይት ዲሽ እንኳን የሰቀለ ሐበሻ በከተማው የለም።

ትዝታ ካሜራ ለመግዛት ስታስብ ለማንም አልነገረችም። በማግስቱ ደምመላሽ ደወለላት።

ትዝታ በሰው ቤት ምግብ ታበስላለች። ሼክ ኑር ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተጋርታ ስትኖር የከረመችው ጓደኛዋ ቤርሳቤህ ልታገባ ነው። የሙሽራዋ እናት እማማ ሸዋርካብሽ ደብረ ታቦር ናቸው፤ ጉልበታቸው መንገድ አይችልም። ስለዚህ ግድግዳቸው ላይ የሚሰቅሉት ፎቶ፣ ቁጭ ብለው የሚያዩትም ቪዲዮ ያስፈልጋቸዋል። ትዝታ ያጠራቀመችውን አውጥታ ሁለቱንም አሳምሮ የሚያነሳ ካሜራ ልትገዛ ቆርጣለች። ሥራው ካማረላት ደግሞ ከሰው ድስት ተላቃ የሠርግ ፎቶ አንሺ መሆን ትፈልጋለች።

ዓርብ ከሰዓት ከሶላት በኋላ ሱቆች ሲከፈቱ፣ ሁለቱ በዋሄን ገበያ መንገድ ላይ የተከመረውን የመንዛሪዎች ሽልንግ እየዞሩ ናይማ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገቡ። ናይማ ድሬዳዋ ያደገች የሀርጌሳ ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ከደምመላሽ ይፈጥናል። የመጀመሪያውን ካሜራ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ስታስቀምጥ ትዝታ በፎቶው ጥራት ወደደችው። ደምመላሽ እጁን አነሳ።

«ቆይ፣ እሱን ራሱን እንጠይቀው» አለ።

ጥያቄው እስኪመሽ ቆየ። ካሜራው ያለ ዕረፍት ቪዲዮ እንዲቀዳ ተፈረደበት፤ ሞቀና ጠፋ። «ሙሽራዋ ሳትገባ ይኼ ወጣ» ብሎ ደምመላሽ መለሰው። በሚቀጥለው ዓርብ የቀረበው አልሞቀም፤ ግን ትዝታ እየተራመደች ስትቀርጽበት ሥዕሉ እንደ ባጃጅ ዘለለ። ሌላው አልዘለለም፤ ማይክ የሚሰካበት ቀዳዳ አልነበረውም። ሌላው ቀዳዳ ነበረው፤ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሰው ሲያነሳ ግን ፊቱን ከሰል አስመሰለው። ናይማ በአራተኛው ዓርብ ለደምመላሽ ወንበር አዘጋጀችለት። «ዶክተር መጣ» እያለች ነበር የምትቀበለው።

አምስተኛው ካሜራ ተስፋ ነበረው። ፎቶው ጥሩ፣ ቪዲዮው ጥሩ፣ ድምፁ ጥሩ። የቀረው ፎከሱ የሚንቀሳቀስ ነገር መከተል መቻሉን ማየት ነው። በሰው ላይ መሞከር አልተቻለም፤ ገበያተኛው ሳይፈቅድ መቀረጽ አይወድም። ደምመላሽም በመንገዱ የምታልፍ ፍየል መረጠ። ፍየሏ በቀጥታ ወደ ካሜራው መጣች፣ ፎከሱም ዓይኗን ሳይለቅ ተከተላት፤ ደምመላሽ በደስታ ሲፈነድቅ ፍየሏ አልፋው ሄዳ ደረጃው ላይ የተቀመጠውን የካሜራውን ካርቶን ከነዋስትና ወረቀቱ ቆረጠመች።

ናይማ ከእንግዲህ መግዛት ግዴታችሁ ነው አለች። ደምመላሽ ዋስትና የሌለው ዕቃ እንዴት ተደርጎ ይገዛል አለ። ትዝታ በሁለቱ መካከል ቆማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ኋላ ግን ሳቋ ሄደ። ጠዋት ከቤት ሲወጡ ቤርሳቤህ፣ በዚህ ሳምንት ካሜራ ካልተገኘ ሙሽራው ሌላ ቀራጭ ሊቀጥር ነው ብላታለች።

«ጋሽ ደምመላሽ፣ ይህንኑ ልግዛው» አለች።

ደምመላሽ ስልኩን አወጣ። የዚሁ ካሜራ አዲስ ሞዴል በቅርቡ እንደሚወጣ፣ ትንሽ ብትታገሥ እንደማትቆጭ ያስረዳት ጀመር።

«ሠርጉ አዲስ ሞዴል አይወጣለትም» አለች ትዝታ።

ደምመላሽ ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ። ደምመላሽን ስልኩን ያስከተተ ሰው ከዚያ በፊት ታይቶ ስለማይታወቅ ናይማም ጠጋ አለች። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የእህቱን ሠርግ ነገራቸው። እሱ እዚህ ሥራ ላይ ስለነበረ አልደረሰበትም፤ ቪዲዮውን ላኩለት። አባቱ ሙሽሮቹን ሲመርቁ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ካሜራው ሰነፍ ነበር። አባቱ ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ።

«ምን ብለው እንደመረቁ እስከዛሬ አላወቅሁም» አለ። «ሰዎቹ ‹የተለመደው ነው› ይሉኛል። የአባት ምርቃት የተለመደ አለው?»

ትዝታ አምስት ዓርብ ሙሉ የተናደደችበትን ሰው አየችው፤ የሚመርጠው ካሜራ ለማን እንደሆነ ያኔ ገባት። አልመከረችውም፣ አላጽናናችውም። ካሜራውን አነሳችና ቀረጻውን አስጀምራ፣ «እስቲ ስለ አባትህ አንድ ነገር ንገረኝ» አለችው። አባቱ በሬ ሲጠምዱ በሬውን ‹እርስዎ› ይሉት እንደነበር ነገራት። መልሰው ሲሰሙት ድምፁ የመንገዱን ጥሩምባ አሸንፎ ጥርት ብሎ ወጣ። ደምመላሽ ጆሮውን ጣል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

«ሁለቱንም የሚችል ማለት ሁለቱንም የሚያስደንቅ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «በአንዱም የማያሳፍር ነው። ግዢው።»

«ዋስትናው እኔ ነኝ፣ ወላሂ» አለች ናይማ። «ፍየል እኔን አትበላም።»

ሠርጉ በሙሽራው አሠሪ ግቢ ተደገሰ። ትዝታ ማይኩን በሽማግሌው ኮት ላይ ሰክታ ምርቃቱን ቃል በቃል ቀዳች፤ እስክስታውን ከትከሻው ሥር ሆና ቀረጸች፤ ቤርሳቤህ ስታለቅስም ስትስቅም አላመለጠቻትም። ደምመላሽ መብራት ያዥ ነኝ ብሎ ራሱን ሾሟል። የኬኩን ጠረጴዛ በውሃ ልክ አስተካከለ። ሙሽራውን አገጩን ቀና አደረገው። ፎከሱን ላጣራ እያለ በየመሀሉ ብቅ ስላለም፣ ትዝታ ደጋግማ በእጇ ወደ ጎን ታባርረው ነበር። አንዲት ዘመድ በዚያው ቀን ለልጇ ክርስትና ትዝታን ያዘቻት።

ፎቶና ቪዲዮው ደብረ ታቦር በደረሰ ማግስት እማማ ሸዋርካብሽ በስልክ ቪዲዮ ደወሉ። ትዝታ፣ ሙሽሮቹና ደምመላሽ ስልኩን ከበቡት፤ ደምመላሽ ከቁመቱ የተነሳ አንገቱ ድረስ ብቻ ነበር የሚታየው። እማማ ምርቃቱን እየሰሙ ብቻቸውን ‹አሜን› ሲሉ ጎረቤት ደንግጦ እንደመጣ እየሳቁ ነገሯቸው። ትዝታን እጅሽ ይባረክ አሏት። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«አንድ ነገር ግን ከበደኝ፣ ልጄ» አሉ። «ዘመዱን ሁሉ ለየሁ። ያ በየፎቶው ከኋላ መብራት ተሸክሞ የቆመው ረጅም ሰው የማን ወገን ነው? የሙሽራው ነው?»

ሙሽራው አፉን ሳይከፍት ትዝታ ቀደመችው።

«የእኔ ነው፣ እማማ» አለች።