ዘጠኝ ፎቅ በባዶ እግር

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህን ሕንጻ ደረጃ ከምድር እስከ ዘጠነኛ ፎቅ ወልውያለሁ። ሰው ሲረግጠው ያየሁት ግን መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። አንደኛ ፎቅ የሚሄደው እንኳ ሊፍት በር ላይ ተገትሮ ይጠብቃል። ዓርብ ዕለት አለቃዬ አቶ ምትኩ ጠራኝና "አንቺ፣ ደረጃውን ከሰኞ ጀምሮ እንቆልፈዋለን። ማን ይወጣበታል?" አለኝ። ደረጃው ከተቆለፈ የእኔም እንጀራ አብሮ ተቆለፈ ማለት ነው።

ትናንት ተኝቼ ሕንጻው ሌላ ሆኖ አየሁት። ሊፍቱ በሩን ከፍቶ እንደ ነዳይ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሏል።

"ስለ ወላዲቷ፣ አንድ ሰው እንኳ ግቡልኝ። እስከ ሦስተኛ ብቻ።"

"እግዜር ይስጥህ" እያሉ አለፉት።

ሰዉ ለደረጃው ተሰልፎ ነበር፤ ሰልፉ አስፋልቱን ተሻግሯል። የመጀመሪያዋን ደረጃ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እየተሳለሙ ይወጣሉ። አቶ ምትኩ ጫማውን በብብቱ ይዞ ቀረበኝ።

"እትዬ ዘርፌ፣ ይፈቅዱልኛል?"

"እግርህን አሳየኝ።"

አሳየኝ። ንጹሕ ነው። "ውጣ" አልኩት።

መወልወያዬን ይዤ ተከተልኩ። ደረጃው እንደ ላም ሆድ ይሞቃል። ከፊቴ የነበሩ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጣሉ። አራተኛ ላይ ስደርስ የጉልበቴ ሕመም ተወኝ። ዘጠነኛን አለፍን፣ ደረጃው ግን አላለቀም። ጣሪያ የሚባል የለም። እላይ ሐይቅ ተኝቷል፣ ዳር እስከ ዳር ዝም ያለ፣ ሰማዩ ሙሉ በሙሉ ውስጡ ገብቶ።

"ይሄ የምን ውሃ ነው?" አልኩ።

አቶ ምትኩ ተንበርክኮ ፊቱን እየታጠበ ነበር። "የእርስዎ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የወለወሉበት።"

እጄን ልነክር ጎንበስ ስል ነቃሁ። ጉልበቴ ያው ያመኛል። ቀኑም ሰኞ ነው።

ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። የሊፍቱን ወለል በሳሙና አጠብኩ፣ ባልዲዬን በሩ መሐል ገተርኩ፣ "እርጥብ ነው" የሚለውን ቢጫ ምልክት ከፊቱ አቆምኩ። የመጣው ሁሉ አየ፣ አጉረመረመ፣ ወደ ደረጃው ዞረ።

አቶ ምትኩ ቁልፉን ይዞ መጣ። ቢሮው ስምንተኛ ፎቅ ነው።

"አንቺ፣ ይሄ መቼ ነው የሚደርቀው?"

"እንጃ" አልኩት፣ እንደገና ውሃ እየደፋሁ። "ሲወጡ ጥግ ጥጉን ይያዙ። መሐሉን አሁን ነው የወለወልኩት።"