የባዶ ቤት ደጅ ጥናት

ጊዜህን አላባክንብህም። እስከ መጨረሻው ከሰማኸኝ፣ "ይህንስ ሳልሰማ ብቀር ይቆጨኝ ነበር" ትላለህ። ካላልክ ቆሰበር ገበያው ዳር፣ ሐጂ ሱቅ ውስጥ አቡጀዲ ስለካ ታገኘኛለህ፤ መጥተህ ውቀሰኝ።

እኔ የመኳንንት ቤት ማየት እወዳለሁ። የሚኖሩበትን አላልኩም፤ የኖሩበትን ነው። የሚኖሩበትንማ ማን ያስገባኛል? በእኛ አገር ግን ኮረብታ ባለበት ሁሉ የአንድ ትልቅ ሰው ቤት አለ። ግማሹ ፈርሷል፤ ግማሹን ሳማ ውጦታል። አሠሪዬ ሐጂ፣ "የፈረሰ ቤት ከምትዞር ያልፈረሰውን ሱቅ ብትጠርግልኝ ምን አለ?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እሑድ እሑድ ግን ይለቁኛል።

ማየት ብቻ አይደለም፤ ማስረዳትም እወዳለሁ። አስኳላ አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት የኔታ ዘንድ ነው፤ የቀረውን ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቃቅሜዋለሁ። ታዲያ ጋዜጣው ቁራጭ ስለሆነ፣ የማውቀው ነገር መጀመሪያው ካለ መጨረሻው የለም። መጨረሻውን እኔ እሞላዋለሁ። ምን ላድርግ? ሰው ጠይቆኝ ዝም ከምል!

ከማውቃቸው ቤቶች ሁሉ ግን አንዱን የሚያህል የለም። አዲስ ቅዳምን አለፍ ብለህ ወደ ዳንግላ ስትል ኮረብታው ላይ ታየዋለህ። የአንድ ፊታውራሪ ቤት ነው። ስማቸውን ልተወው፤ ወራሾቻቸው አዲስ አበባ አሉ፣ እኔም ገና ወጣት ነኝ። ቤቱ ደርብ ነው። ምሰሶዎቹ ጥድ ናቸው፤ አንድ ሰው አቅፎ አይዘልቃቸውም። ታች ግብር የሚበላበት አዳራሽ አለ። ላይ ደግሞ አንዲት ጠባብ መስኮት አለች። ይህችን መስኮት ለሰው ሳላስረዳ አላልፍም። ፊታውራሪው በእሷ አጮልቀው የመጣውን ሰው ያዩና፣ ቤት መኖር አለመኖራቸውን ያን ጊዜ ይወስናሉ።

ፊታውራሪው ከሞቱ ቆይተዋል። አጋፋሪያቸው ባሻ አየነው ግን አሉ። ድሮ እንግዳ የሚያስገቡት፣ ይበልጡን ደግሞ የሚያስጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ዛሬም ቀጭን ዘንጋቸውን ይዘው በሩ ላይ ናቸው። ቤቱን ለማየት ስትሄድ ዝም ብለህ አትገባም። ነጠላህን ታደገድግና ራቅ ብለህ ትቆማለህ። እሳቸው ይገባሉ። ቆይተው ይወጣሉ። "ትንሽ ጠብቅ" ይሉሃል። ውስጥ ማን አለ? ማንም የለም። አንድ ቀን ደፍሬ፣ ጌታው ሞተው የለም ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ "መቃብር ያወረድኳቸው እኔ አይደለሁም?" ብለው ተቆጡኝ። "ሰውየው ሞቱ እንጂ ደጁ መች ሞተ!"

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ።

አጎቴ ቢያድግ፣ የእናቴ ወንድም፣ ከዚያው ኮረብታ ማዶ ነው የሚኖረው። ከጎረቤቱ ከአያ ፈንታ ጋር ድንበር ይሟገታል። የሚሟገቱባት አንዲት የሣር መስክ ናት። ፈረስ አስረህባት ገመዱን ብታስረዝምለት፣ ፈረሱ የሰው መሬት ገብቶ ይግጣል፤ ይህን ታህላለች። አያ ፈንታ ደግሞ ባዳ እንዳይመስልህ። አጎቴ ልጁን ክርስትና ያነሣለት አበልጁ ነው። ግን ምን ይሆናል? በሚስትና በርስት ቀልድ የለም። ዳኛው ከብዙ ቀጠሮ በኋላ ለአያ ፈንታ ፈረደ። አጎቴም፣ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄጄ ይግባኝ እላለሁ ብሎ ስንቅ አስቋጠረ። ጊዜው ግንቦት ማለቂያ ነው። ዝናቡ ጀምሯል። እሱ ለይግባኝ ከሄደ ማን ይዘራል? ልጆቹ ገና ናቸው። ሚስቱ፣ "ዘንድሮ የምንበላው ድንበሩን ነው?" ብላ አለቀሰች። ወደ እኔ ዞራም፣ "አንተ ወሬ አታጣም፤ እስቲ አንድ ቦታ ወስደህ ይህን ነገር አስረሳልኝ" አለችኝ።

እኔ የት እወስደዋለሁ? ታውቀዋለህ።

በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፈረስ ጭነን ወጣን። መንገድ ሙሉ ሳስረዳው፣ እሱ የሰው ድንበር ያያል። "ያ ካብ ለምን ተጣመመ? ማን ገፍቶት ነው?" ይለኛል። ደርሰን አደገደግን። ባሻ አየነው ገቡ፤ ወጡ፤ ትንሽ ጠብቁ አሉን። ውስጥ ማንም እንደሌለ በሹክሹክታ ስነግረው አጎቴ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ! ሰመረልኝ ብዬ ቁልቁል ብመለከት፣ አንድ ፈረሰኛ ጭቃ እያፈናጠረ ይጋልባል። አያ ፈንታ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው አጎቴ በጌታ ደጅ አደግድጎ መቆሙን አይቶ ወሬውን አድርሶለታል። በእኛ አገር ደግሞ በጌታ ደጅ ያደገደገ ሰው አቤቱታ አለው ማለት ነው። ሌላ ምን ሊሠራ ይቆማል? አያ ፈንታም፣ ወራሹ ከአዲስ አበባ መጥተዋል፣ ባላጋራዬ ቀድሞኝ ጆሯቸውን ሊይዝ ነው ብሎ ምሳውን ጥሎ ተነሣ። ከፈረሱ ወረደ። እያለከለከ አደገደገና ከአጎቴ ራቅ ብሎ ቆመ።

"እኔ በሌለሁበት ልትናገር ነው፣ አበልጅ?" አለ ወደ እሱ ሳያይ።

እኔ ላስረዳ ተጠጋሁ። "አያ ፈንታ፣ ለአቤቱታ አይደለም። ቤት ለማየት ነው የመጣነው።"

"የማንን ቤት?"

"ይህንን።"

"እሱ ቤት የለውም እንዴ?"

"አለው። ግን የድሮ ቤት ነው፤ አሠራሩን…"

"አንተ ልጅ! በዘር ወቅት ፈረስ ጭኖ ግድግዳ ሊያይ የሚመጣ ተሟጋች የት አይተሃል? እኔን ሞኝ ነው ብሎ የነገረህ ማን ነው?"

አጎቴ ይመስክርልኝ ብዬ ባየው፣ ፊቱን አኮሳትሮ በሩን ያያል። "ዝም በል" አለኝ በጥርሱ መካከል። ገባኝ። በባላጋራው ፊት፣ ግድግዳ ለማየት መጣሁ ብሎ እንዴት ይናገር? መሄድም አይችልም፤ ቀድሞ የሄደ ተሸነፈ። አያ ፈንታም አይሄድም።

ባሻ አየነውማ ዕድሜያቸው ወደ ኋላ ተመለሰ። ስንት ዓመት እንደ እኔ ያለውን ወሬኛ ብቻ ሲያስጠብቁ ኖረው፣ ዛሬ ሁለት እውነተኛ ተሟጋች! ገቡ። ወጡ። "ዛሬ ፊታቸው አልተፈታም" አሉ። ሁለቱም እጅ ነሡ። እንደገና ገቡ። "ምሳ ላይ ናቸው።" እንደገና። "የእናንተን ነገር አንሥቼላችሁ ነበር፤ አልመለሱልኝም።" ይህኛው እንኳ ውሸት አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ባሻ አየነው በሩን ዘግተው ገቡ። አያ ፈንታ በጥድፊያ ሲወጣ ለዝናብ የሚለበሰውን ገሳውን ረስቷል። የአጎቴ ገሳ ግን ኮርቻው ላይ ነበር፤ አውርዶ ለበሰ። የአያ ፈንታ ራስ ላይ በረዶው ይንጣጣል። አጎቴ ሰማዩን ያያል፣ ሣሩን ያያል። በመጨረሻ አላስቻለውም።

"ና ግባ! ብትሞትብኝ የክርስትና ልጄን ማን ሊያሳድገው ነው?"

ሁለቱ በአንድ ገሳ ሥር ተጨፍልቀው ቁጭ አሉ። እኔን ያስታወሰኝ የለም።

በአንድ ገሳ ውስጥ ሆኖ መኮራረፍ ከባድ ነው። ሞክረህ እየው። አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ይናወጣል። እስካሁን በአማርኛ፣ ያውም በፍርድ ቤት አማርኛ ነበር የሚነካኩት። በረዶው ሲብስ ሳይታወቃቸው ወደ አውኛ ገቡ። እናቶቻቸው ወዳነጋገሯቸው ቋንቋ ማለት ነው።

"እኚህ ወራሽ ግን ምን ዓይነት ጨካኝ ናቸው? በረዶ እየወረደብን!" አለ አያ ፈንታ።

የአጎቴ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። በረደው ስል፣ ለካ ሳቅ ይዞታል።

"ውስጥ ሰው የለም" አለ።

"የለም ማለት?"

"ማንም የለም። ልጁ እውነቱን ነው፤ ግድግዳ ለማየት ነው የመጣሁት።"

"ታዲያ እስካሁን እጅ የምነሣው ለማን ነው?"

"አንተስ ሳታውቅ ነው። እኔ እያወቅሁ ስነሣ አልዋልኩም?"

ገሳው ከላይ እስከ ታች ተርገፈገፈ። በረዶው ሲያባራ ሁለቱም ባሻ አየነውን እየረገሙ ነበር። አብረው የሚረግሙት ሰው ካገኙ በኋላ እርስ በርስ ለመረጋገም ጉልበት አልተረፋቸውም። መስኳን አንድ ዓመት የአንዱ፣ አንድ ዓመት የሌላው ፈረስ እንዲግጣት እዚያው ተስማሙ። አያ ፈንታ የተፈረደለት ሰው፣ ለምን ተስማማ ትለኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄዋለሁ። "ከተፈረደልኝ ወዲህ ፋሲካን ያለ አበልጅ፣ ከልጆቼ ጋር ብቻዬን ፈሰክሁ፤ ምኑን አሸነፍኩት?" አለኝ።

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተ። ባሻ አየነው ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ብቅ አሉ። "ጌታው አሰናብተዋችኋል" አሉ። ሁለቱም ሳቃቸውን ውጠው ለጥ ብለው እጅ ነሡ።

በማግሥቱ አጎቴ በሬዎቹን ጠመደ። የይግባኙን ስንቅ ልጆቹ በሉት። እርቁን ሊያስመዘግቡ ሲቀርቡ ዳኛው፣ ማን አስታረቃችሁ ብሎ ጠየቀ። አጎቴ የፊታውራሪውን ስም ጠራ። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ፣ እሳቸው ሞተው የለም እንዴ አለ። አያ ፈንታ እጅ ነሥቶ፣ "አዎ ጌታዬ፤ በሕይወት ያሉት ስላልቻሉን ነው" ብሎ መለሰ።

ትልቅ ሰው በአንደበቱ ይፈርዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ትቼዋለሁ። አንዳንዱ ትልቅ ሰው ጨርሶ ዝም ካላለ ፍርድ አይወጣውም።

ስለዚህ ወዳጄ፣ እሑድ ሥራ ስትፈታ ወደዚያ ኮረብታ ውጣ። ብቻህን ግን አትሂድ፤ ብቻውን የሄደ ግድግዳ አይቶ ይመለሳል። የተጣላኸውን ሰው ይዘህ ሂድ። እንቢ ቢለኝስ ካልክ፣ አትለምነው። ነጠላህን አደግድገህ በደጁ እለፍ፤ ኮረብታውን ሳታጋምስ እየጋለበ ይደርስብሃል።