መሪውን ወደ ግራ ያዛወርኩት ካሚዮን

ወገን፣ ዛሬ ስህተቴን ማን እንዳገኘብኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም።

ዕድሜያቸው ከዘጠና ያለፈ፣ ዓይናቸው የማያይ እናት!

ለአዲስ ተከታዮቼ ባጭሩ፦ ሸዋ ሮቢት ሞባይል እጠግናለሁ። ሱሴ ግን የድሮ የጦር መኪና ትንንሽ ሞዴል መሥራት ነው። ብጥስጣሹ በካርቶን ይመጣል፤ እቆርጣለሁ፣ በሙጫ አያይዛለሁ፣ ቀለም እቀባለሁ። እናቴ "አግባ እንጂ!" ስትለኝ "ሙጫው ይድረቅ" እላታለሁ።

ጎረቤታችን እማማ ዘሀራ ይህን ሰምተው ነው ከወራት በፊት ያስጠሩኝ።

"ጀማል፣ የጣሊያንን ካሚዮን መሥራት ትችላለህ አሉ?"

"እችላለሁ እማማ። ለምን ፈለጉት?"

"አባቴን የወሰደው እሱ ነው። አንዴ ልዳስሰው ብዬ።"

በጣሊያን ጊዜ እማማ ትንሽ ልጅ ነበሩ። አባታቸው የይፋትን ቆላ ጠንቅቀው ስለሚያውቁ፣ ጣሊያኖቹ መንገድ አሳየን ብለው በግድ ከሹፌሩ ጎን አስቀምጠው ወደ ጣርማ በር ወሰዷቸው። በዚያው ቀሩ። ፎቶ የለ፣ መቃብር የለ።

እና እንዴት እምቢ ልበል?

አራት ወር ፈጀብኝ! በዚህ በሮቢት ሙቀት! ዲካል የሚባል ነገር አለላችሁ፤ ውሃ ነክራችሁ የምትለጥፉት፣ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ምልክት። የታርጋውን ላነሳ ስል ቬንትሌተሩ ወሰደብኝ። ቬንትሌተሩን አጥፍቼ ላቤ እየተንጠባጠበ ወለሉን ሁሉ አሰስኩ። ሲታክተኝ ገበያ ደርሼ ተመለስኩ።

ጉንጬ ላይ ነበር! የጣሊያን ታርጋ ለጥፌ ነው ለካ በቲማቲም ዋጋ ስከራከር የዋልኩት።

ይሄ ግን ገና ምንም አይደለም። ወደ ዋናው ቅሌት እንሂድ።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው ስዕል የካሚዮኑን መሪ በቀኝ በኩል ያሳያል። ሳቅኩ። በቀኝ? መሪ? ፋብሪካው ተሳስቷል ብዬ ቆርጬ ወደ ግራ አዛወርኩት። እዚሁ ገጽ ላይ "አምራቹን አረምኩት!" ብዬ ለጠፍኩ፤ እናንተም አጨበጨባችሁልኝ። ለፋብሪካው ሳይቀር በተሰባበረ እንግሊዝኛ የእርማት ኢሜይል ላክሁ። አንድ ተከታይ "ወንድም፣ እርግጠኛ ነህ?" ቢለኝ ብሎክ አደረግኩት።

ብሎክ!

ዛሬ ከዙሁር ሶላት በኋላ ካሚዮኑን እንደ እንቁላል ታቅፌ ሄድኩ። እማማ በረንዳቸው ላይ በሰፌድ ማሾ ይለቅማሉ። ጠጠሩን ከፍሬው የሚለዩት በጣታቸው ብቻ ነው። ያኔ መፍራት ነበረብኝ።

"ቢስሚላህ" ብለው ተቀበሉኝ። ጎማውን ዳሰሱ፣ የጭነቱን ሳንቃ ዳሰሱ፣ ፈገግ አሉ። እኔ ምርቃት እየጠበቅኩ ነው። ከዚያ ጣታቸው በግራው መስኮት ገባና ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መሪው ነው እማማ።"

"ሹፌሩማ በዚያኛው ነበር፣ በቀኝ። እናቴ በዚህ በኩል ሽቅብ አነሳችኝና አባቴ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ራሴን ዳበሰኝ። በዚህ በኩል! ጣሊያኑን አባቴ ቦታ ላይ ለምን አስቀመጥክብኝ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

(በኋላ ጎግል ሳደርግ የዚያን ጊዜ የጣሊያን ካሚዮኖች መሪያቸው በቀኝ ነው ይላል፤ ሹፌሩ በተራራ መንገድ የገደሉን አፋፍ እንዲያይ። ጎግል ማድረግ ከአራት ወር በፊትም ይቻል ነበር።)

ከልቤ አፈርኩ። እማማ ከአባታቸው የቀራቸው ያ መስኮት ብቻ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት አልረሱትም፤ እኔ አዋቂ ነኝ ባይ ደግሞ ወንበሩን ለሹፌር ሰጠሁባቸው።

ምላጬ ከኪሴ አይጠፋም። እዚያው በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ መሪውን ነቅዬ ወደ ቀኝ መለስኩት። ጣሪያው ተሰነጠቀ፣ በሩ ተንጋደደ፣ ያ የተረገመ ታርጋም ተቀደደ። አራት ወር የለፋሁበት መኪና ገደል ገብቶ የወጣ መሰለ።

እማማ እንደገና ዳሰሱት። ጣታቸው ባዶው የግራ ወንበር ላይ ብዙ ቆየ።

"አልሐምዱሊላህ። አሁን እሱ ነው።"

ከሰፌዱ አንድ የማሾ ፍሬ አነሱና በመስኮቱ አስገብተው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በጣታቸው ጫፍ ቀስ ብለው ዳበሱት። እንባዬን ያዩብኝ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ፤ ማንም እንደማያየኝ እንኳ ረስቼ!

መቼም አመሌ ነውና ሙጫዬን አወጣሁ።

"እማማ፣ እንዳይወድቅ ላጣብቀው?"

"ተው ልጄ፣ እንዳትነካው! መውረድ ሲሻው ይውረድ እንጂ።"

ሙጫውን ከደንኩት።

ብሎክ ያደረግኩህ ወንድሜ፣ ከፍቼልሃለሁ፤ ና፣ እንዳሻህ ስደበኝ። ሌሎቻችሁ ግን እንግሊዝኛ የምትችሉ ካላችሁ እባካችሁ፦ "አንዲት ማየት የማይችሉ እናት እናንተ ትክክል ናችሁ ብለዋችኋል" ለፋብሪካው እንዴት ተደርጎ ይጻፋል?