ወሰን የሚገፋ ፍልፈል

ወሰን ገፍቶ የማያውቅ ሰው አልተፈጠረም! አትቆጣ... አንተም ሚኒባስ ውስጥ ጉልበትህን ዘርግተህ የጎረቤትህን ወንበር ስትወርስ ያው ነህ። እኛ ግን መሬት ላይ ስንገፋፋ ነገሩ ይመራል። በርስትና በሚስት ዋዛ የለም።

ፍኖተ ሰላም ቢሮ ተቀምጬ ወረቀት ሳገላብጥ እውላለሁ። ቡሬ አጠገብ ግን እናቴ ድንች የምታስተክልባት ማሳ አለች። ከእሷ ቀጥሎ ያለው የክርስትና አባቴ የጋሼ አየነው ማሳ ነው። ሁለቱን የሚለየው ማረሻ የማይነካው የሣር መስመርና እላዩ ላይ የተተከለ ድንጋይ ነው።

ይህ ድንጋይ በዚህ ክረምት መሄድ ጀመረ! መጀመሪያ ወደ እኛ ማሳ አንድ ስንዝር መጣ። ሥሩ ትኩስ ቀይ አፈር ተቆልሏል። "የጋሼ ዶማ ነው!" አልሁ። የፍልፈል ቁፋሮ መሆኑን የአገሩ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ የተናደደ ሰው ግን ከሕፃን ያንሳል። እሑድ ጋሼ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቄ ድንጋዩን ወደ ቦታው መለስሁት። (መለስሁት ነው ያልሁህ፤ ገፋሁት አላልሁም!) ለክፉ ቀን ብዬ ትንሽ... ጨመር አድርጌበት ይሆናል።

በሳምንቱ ስመለስ ድንጋዩ የእናቴ ድንች ላይ ተጎልቷል።

"ጋሼ፣ ምነው?"

"ምነው? ድንጋዩ ወደኔ ሲገሰግስ ቆሜ ልየው?"

ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ቀረ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ የኔ ግን የቅርቡ ራቀብኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደ አባት ያዩኝ እሳቸው ነበሩ፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ከድንቹ ይልቅ የከነከነኝ እሱ ነው።

ሽማግሌዎች ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጡ። ሰብሳቢያቸው አያ ውቤ ፈረዱ፦ "ድንጋዩን በእጃችሁ እንዳልነካችሁ ሁለታችሁም ማሉ። አለቀ።"

እናቴ ከኋላዬ ጠጋ አለች። "በሐሰት ከማልህ ደጄን እንዳትረግጥ!"

ላብ አጠመቀኝ። ብምል እናቴን አጣሁ፤ ባልምል መሬቱን።

"በሉ፣ ማን ይጀምር?" አሉ አያ ውቤ።

"ጋሼ ይቅደሙ" አልሁ። "በታላቅ ፊት እንዴት ተደርጎ!"

"ኧረ አንተ ቅደም፣ የተማርህ አይደለህ?"

"አይሆንም ጋሼ!"

"በሞቴ ቅደም!"

"እኔ ልሙትልዎ፣ እርስዎ!"

ሽማግሌዎቹ በጨዋነታችን ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "የተጣላ ሰው እንዲህ ሲከባበር አይተን አናውቅም" ተባባሉ። እኔ ግን የጋሼን ግንባር አየሁት... እሳቸውንም አልቧቸዋል!

በዚህ መሀል መሬቱ እንደ ሽሮ ተንተከተከ። ከጥቁሩ አፈር ሥር ቀይ አፈር ቡፍ እያለ ወጣ፣ ወጣ፣ ወጣና... ያ ስንት ሰው ያጣላ ድንጋይ ዘመም ብሎ ዘጭ! ከጉድጓዱ ሁለት ቢጫ ጥርስ ብቅ ብሎ ተመለሰ።

"ፍልፈል!" አልን እኔና ጋሼ እኩል። ሠርግ እንኳ ላይ እንደዚያ እልል ያልሁ አይመስለኝም። ጋሼ ሦስት ጊዜ አማተቡ።

"ወሰን ገፊው ተገኘ፤ መሐላው ቀርቷል" አሉ አያ ውቤ። አንዱ ሽማግሌ ዶማ ቢያነሳበት ሁለታችንም ዘለን ያዝነው። "ኧረ ተው! ምስክር ይገደላል?" አሉ ጋሼ፣ አንገቴን አቅፈው። ትከሻቸው ላይ ሆኜ አለቀስሁ፤ አልዋሽህም።

ማታ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ፍልፈሉስ ከሥር ገፋ። ድንጋዩ ዙሪያ ያለው ዱካ ግን የማን ነው?"

"የምን ዱካ፣ እማ?"

"አንዱ ኮንጎ ጫማ፣ አንዱ የቢሮ ጫማ። የቡሬ ፍልፈል ጫማ ይጫማል እንዴ?"

እግሬን ወደ ኋላ ሸሸግ አደረግሁ።

"ሳትምል ፍልፈሉ ስለደረሰልህ አመስግነውና ግባ" አለች። "ጫማህን ግን ደጅ አውልቀው።"