ለግብ ጠባቂው የተላከ ሽምግልና

ባልሠሩት ሥራ ላይ እንከን የለሽ ፍርድ መስጠት ለሰው ልጅ ከተቸሩት ጸጋዎች ሁሉ የላቀው መሆኑ አያጠያይቅም። በስቶክሆልምና በአካባቢዋ ይህን ጸጋ በሙላት የታደሉት የፊቲያው ጡረተኛ አቶ ቀለመወርቅ ናቸው። በበረዶ ላይ ቆመው የሚያውቁት አውቶቡስ ሲጠብቁ ብቻ ቢሆንም፣ የበረዶ ሆኪን ምሥጢር ከሥር መሠረቱ መርምረው ጨርሰዋል።

የሚደግፉት ክለብ በሊጉ ሠንጠረዥ ግርጌ ተረጋግቶ ተቀምጧል። አመራሩም ይህን መረጋጋት የሚያጸኑ ውሳኔዎችን ከማሳለፍ ቦዝኖ አያውቅም፤ ማጥቃቱን ለማጠናከር ተከላካዮቹን ሸጠ፤ ቀጥሎም መከላከሉን ለማጠናከር አጥቂዎቹን ሸጠ። የዝውውር መስኮቱ በሚዘጋበት ዕለት ማለዳ፣ ግብ ጠባቂውም ሊሸጥ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ተጠባባቂው በጉዳት አልጋ ላይ ነው። እንግዲህ ዋናው ከሄደ ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ መውረዱ ነው። አቶ ቀለመወርቅ ቁርሳቸው አልወረደላቸውም።

ልጃቸው ፌበን ከኡፕላንድስ ቬስቢ ደወለች።

«አባዬ፣ ለክለቡ ኢሜይል ጻፍላቸዋ።»

«ኢሜይል! ሰው ትዳሩን ሊያፈርስ ሲል ኢሜይል ይጻፍለታል? ሽማግሌ ይላክበታል እንጂ!»

ሽማግሌ ተላከ። ከኦርቶዶክሶቹ ወገን አቶ ሕሩይ፣ ከወንጌላውያኑ ወገን አቶ ኡርጌሳ ተመረጡ፤ በምንም ነገር ተስማምተው የማያውቁት ሁለቱ ሰዎች በግብ ጠባቂው ጉዳይ አንድ ሆኑ። ከአቶ ቀለመወርቅ ጋር ሦስቱም ስዊድንኛ አሳምረው ይናገራሉ። ሆኖም ከባድ ጉዳይ በተውሶ ቋንቋ ማቅረብ ክብር መቀነስ ስለሆነ፣ ፌበን ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አስተርጓሚ ሆነች።

የክለቡ ስፖርት ዳይሬክተር ሌናርት ከሰዓት በኋላ ተቀብለዋቸው ወንበር አቀረቡ።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ሕሩይ። «ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም።»

ፌበን ተረጎመች። እንግዳ ቆሞ መቀመጥ የከበዳቸው ሌናርትም ቆሙ።

«በጸሎት እንክፈተው» አሉ አቶ ኡርጌሳ፤ ከፈቱት፤ አልዘጉትም። በመጨረሻ «አሜን» ሲባል አቶ ሕሩይ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በጸሎትስ ከሆነ እኛም አለን።»

በዚህ መካከል የጠረጴዛው ስልክ ጮኸ። ሌናርት እጃቸውን ዘረጉ።

«ስልኩ ይቆየን፤ ሽማግሌ እየተናገረ ነው» አሉ አቶ ቀለመወርቅ።

የሌላውን ንግግር ማቋረጥ ነውር በሆነበት ቤት ያደጉት ሌናርት እጃቸውን ሰበሰቡ። ጸሐፊያቸው በሩን ከፍታ ብትገባ፣ ዓይናቸውን የጨፈኑ ሽማግሌዎችንና ላብ ያጠመቃቸውን አለቃዋን አየች፤ ሰው የሞተ መስሏት በሩን በቀስታ መልሳ ዘጋች።

ከዚያ አቶ ቀለመወርቅ መግቢያ ንግግራቸውን ጀመሩ። የስዊድንን ሕዝብ እንግዳ ተቀባይነት አወደሱ፤ የክለቡን መሥራቾች ነፍስ ይማር አሉ፤ ስለ ትዕግሥት ጥቅም በሰፊው አስተማሩ። እያንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ይነገር ነበር፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በፌበን። ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ፤ ኋላም ዝም አለ። መስኮቱ ጨልሟል።

«ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ» አሉ በመጨረሻ፣ «ግብ ጠባቂውን አይልቀቁብን።»

ሌናርት ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ።

«እሱ እኮ ጠዋት ሄዷል። ሲደውል የነበረው የአዲሱ ግብ ጠባቂ ወኪል ነው። የቀረው የእኔ እሺታ ብቻ ነበር። አሁን የዝውውር መስኮቱ ተዘጋ።»

«ምን አለ?» አሉ አቶ ቀለመወርቅ።

«አባዬ፣ ሰምተኸዋል» አለች ፌበን።

አቶ ሕሩይ ወንበር ሳቡ። «እንግዲያማ እንቀመጥ» አሉ።

በቀጣዩ ጨዋታ አንድ ምስኪን ተከላካይ የግብ ጠባቂ ትጥቅ ተጭኖበት በረዶው ላይ ወጣ። ጎሎቹን የሰሌዳው ሠራተኛ ሳይቀር መቁጠር ታከተው። አቶ ቀለመወርቅ ከደጋፊው መካከል ብድግ አሉ፤ በግራቸው አቶ ሕሩይ፣ በቀኛቸው አቶ ኡርጌሳ በሐዘን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ይህ ዳይሬክተር ዛሬውኑ ይባረር!» ብለው ጮኹ። «በመዝጊያው ዕለት አንድ ግብ ጠባቂ ማምጣት ያቃተው! ለመሆኑ ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ምን ሲሠራ ነው የዋለው?»