ክቡር አቶ ልጨምርበት

ስልጠና ባለበት ሁሉ አንድ ሰው አለ። አዳራሹ ይቀየራል፣ አሰልጣኙ ይቀየራል፣ ርዕሱም አንዴ የእሳት አደጋ፣ አንዴ የእጅ አስተጣጠብ ይሆናል። ያ ሰው ግን አይቀየርም። ከፊት ረድፍ ይቀመጥና አሰልጣኙ ሳይጨርስ እጁን አውጥቶ «እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምርበት» ይላል። አንድ ነገር ብሎ ጀምሮ በአንድ ነገር ያበቃ ግን ገና አልተወለደም።

የእኛ ሆስፒታል ክቡር አቶ ልጨምርበት የራጅ ባለሙያ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ሰውን «ትንፋሽ ይያዙ» ሲሉ ስለሚውሉ ነው መሰለኝ፣ አዳራሽ ሲገቡ የራሳቸውን መያዝ ያቅታቸዋል።

የዘንድሮው ስልጠና ባህላቸው ከእኛ ከሚለይ ሰዎች ጋር ስለ መግባባት ነበር። አሰልጣኟ ገና በመጀመሪያው ቀን «ከመካከላችሁ አንድ ሰው መርጠን በሌሎቹ ቅርንጫፎች አሰልጣኝ እናደርገዋለን» አለች። እኔ ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። ሰው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አስግጎ ሲጮህብኝ ይውላል። ቆሜ የምናገርበት፣ ሌላው ተቀምጦ የሚሰማበት ሥራ! ፈለግሁት ብል ያንሳል፤ ጎመጀሁለት። ቀና ስል የክቡርነታቸው እጅ ከፊቴ ተሰቅሏል።

በማግስቱ ትምህርቱ ስለ ርቀት ሆነ። አንዳንድ ሰው ሲጠጉት ይከፋዋል ተባልን። ክቡርነታቸው ከዚያ ወዲህ ሰውን የሚያናግሩት ክንዳቸውን ዘርግተው ለክተው ነው። ባለቤታቸው እዚያው ሆስፒታላችን ፋርማሲ ትሠራለች። «ይኸውልህ፣» አለችኝ፣ «ማታ ሶፋው ላይ ‹ክልልሽን ላክብርልሽ› ብሎኝ ጥግ ይዞ ቁጭ አለ። ምን አስተማሩት?»

ቀጥሎ ደግሞ መገመት ክፉ እንደሆነ ተማርን። በሻይ እረፍት ላይ ክቡርነታቸው ወደ እኔ መጡ። ልብ በሉ፣ እኔና እሳቸው ያደግነው አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ አብረን ተገርፈናል።

«በእናንተ ባህል ሻይ የሚጠጣው በስኳር ነው?» አሉኝ።

«እኛ እነማን ነን?»

«አልገምትም» ብለው ስኳሩን ይዘው ሄዱ።

አሰልጣኟ ግን ሞተችላቸው። አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር «ግሩም ምልከታ!» ትላለች። እኔ ስንት ቀን ያብላላሁትን ሐሳብ ስናገር «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለችና ዞር ብላ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለቻቸው። ቀናሁ፤ ምን ይደበቃል?

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። አሰልጣኝ ልሁን ብለን የተመዘገብን እጩዎች ሁለት ነበርን፤ እኔና ክቡርነታቸው። በየተራ መድረኩን መምራት ነበረብን፣ ዕጣው ለእኔ ቀድሞ ወጣ። ጉሮሮዬን ጠርጌ «እስኪ፣ ከታካሚ ጋር ሳትግባቡ የቀራችሁበትን ቀን ንገሩን» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ተቀምጦ እያየ ማን ጥፋቱን ይናገራል? ዋና ነርሷ ጥፍሯን ታያለች። ዘበኛው የጣሪያውን መብራት ይቆጥራል። ከፊት ረድፍ ያ እጅ ተነሳ። አለቀልኝ አልኩ።

«ልጨምርበት» አሉ፣ የሚጨመርበት ነገር ሳይኖር። «አንዲት እናት መጡ፤ ቋንቋ አንግባባም። ትንፋሽ ይያዙ ብዬ ጮህኩባቸው። የጮህኩት ቋንቋ በጩኸት የሚገባ መስሎኝ ነው። እንቢ ሲል ጉንጬን ነፍቼ አሳየኋቸው፤ እሳቸውም ነፉ። ራጁን አነሳሁ። ይልቀቁ የሚባለው እንዴት ነው? ጠፋኝ! እሳቸው እኔን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን። ሁለታችንም ጉንጫችንን ወጥረን ልንፈነዳ ስንል ልጃቸው ገብታ አዳነችን።»

ሥራ አስኪያጁ ራሱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ነርሷ የራሷን አመጣች፣ ዘበኛው ቀጠለ፤ ሰዓቱ አልበቃኝም። ክቡርነታቸው በተራቸው ሲወጡ ከራሳቸው በቀር የተናገረ የለም። ሲመረጥ የተመረጥኩት እኔ ሆንኩ። «ሰውን አናገርክ» ተባልኩ። ክቡርነታቸው ከሁሉ አስበልጠው አጨበጨቡና «ወንድሜ፣ ይገባሃል» አሉኝ። ሰውዬው ከልባቸው ነው። አሁን ደግሞ በደግነታቸው ቀናሁ።

የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ሄድኩ። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ሰዉ እጁን አጣምሮ ያየኛል። ፊት ረድፍ ላይ ባዶ ወንበር አለ። ዓይኔ እሱን ፈለገው። ከዚህ ወዲያ አንቱታው ይቅር።

በእረፍት ሰዓት የእኛ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ጋ ደወልኩ። «የራጁን ሰውዬ ላክልኝ።»

«አንተ ራስህ እሱ ካለ አልሠለጥንም ስትል አልነበር? ወደድከው ማለት ነው?»

«ማን ወደደው? ብቻ ላክልኝ።»

በማግስቱ መጣ። እስከ ሻይ ሰዓት ድረስ አዳራሹን በሳቅ አናወጠው። በእረፍት ላይ ሠልጣኞቹ ከበቡት፤ አንዷማ አሰልጣኙ እሱ መስሏት ጥያቄ ትጠይቀዋለች። እኔ ስኒዬን ይዤ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ቅናቱ ሽቅብ አለኝ። ማንም ሳያየኝ አዳራሽ ገባሁና፣ የፊት ረድፍ ወንበሩን ሌላ ሰው እንዳይዝበት ኮቴን አውልቄ አስቀመጥኩበት።