የጋሽ ተፈራ የእግር ቫኬሽን

ለመሆኑ ወዶና ፈቅዶ በእግሩ የሚሄድ የአሜሪካ ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ! የመልእክት መጥሪያ ፔጀር ወገባችን ላይ ሰክተን በምንዞርበት ዘመን፣ ጎረቤት ቤት እንኳ በመኪና የሚሄዱት የሳንሆዜው ጋሽ ተፈራ ለቫኬሽን፣ ማለትም ለዕረፍት፣ እንግሊዝ ሄደው፣ ከአንዱ ጥንታዊ የገበያ ከተማ ወደ ሌላው አምስት ቀን ሙሉ በእግራቸው ተጓዙ። እሁድ ኦክላንድ ቸርች ቆመው ይህንኑ ሲመሰክሩ ግማሹ ጉባኤ አለቀሰ።

«የሚሸኝህ ሰው አጥተህ ነው ልጄ?» አሏቸው እማማ የሺ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

«ኧረ እማማ፣ ቫኬሽን እኮ ነው! ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት!»

ፓስተሩ ግን፣ ሁለት መኪና እያላቸው፣ መኪና እንዲያገኙ ጸለየላቸው።

በሳምንቱ እማማ የሺን በእግራቸው ሲገሰግሱ አየኋቸውና መኪናዬን አቆምኩ። «ይግቡ እማማ፣ ልሸኝዎት» ብላቸው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፦

«ሂድ ልጄ፣ ቫኬሽን ላይ ነኝ!»